ፎርም 80 ቀርቷል፣ ሪፖርቱ ግን አልቀረም፦ የግድብ መዝናኛ ሪፖርት ለፌርክ አዘገጃጀት

ተርባይን ልጠግን ብሎ የተቀጠረ ሰው ስለ ሽንት ቤት፣ ስለ ፒክኒክ ጠረጴዛና ስለ ጀልባ ማውረጃ ሪፖርት ጻፍ ሲባል መጀመሪያ ይስቃል። ከዚያ የማስረከቢያውን ቀን ያያል፤ ሳቁም እዚያው ያበቃል። አሜሪካ ውስጥ የውኃ ኃይል ማመንጫ ያለው ድርጅት፣ የግልም ይሁን የከተማ አስተዳደር፣ ወንዙን የሚጠቀመው በአብዛኛው በፌዴራል ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ደግሞ ኤሌክትሪክ አምርት ብሎ አያቆምም። ሰው ዓሣ እንዲያጠምድ፣ ታንኳ እንዲቀዝፍ፣ ልጆቹን ይዞ ውኃ ዳር እንዲቀመጥ ቦታ አዘጋጅ፣ ማዘጋጀትህንም አሳየኝ ይላል። ፈቃድ ሰጪው የፌዴራል ኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ነው። እኛም እንደ ሥራ ባልደረቦቻችን ፌርክ እንበለው።

የምጽፈው በተለይ በኃይል ድርጅት ውስጥ ይህ ሥራ ድንገት ለተጫነባችሁ ነው። ሐይቅ ዳር ሥጋ እየጠበሳችሁ የምትዝናኑትም ወደ መጨረሻው ላይ የምትጠቀሙበት ነገር አለ። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፦ ግድቡ የማን ነው?

ፌርክ የሚቆጣጠረው የፌዴራል መንግሥት ያልሆኑትን ግድቦች ነው። ሁቨር ግድብ የፌዴራሉ የመልሶ ማልማት ቢሮ ነው፤ አይመለከተንም። አትላንታ ያላችሁ በየበጋው የምትወርዱበት ሌክ ላኒየርም የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች ያስተዳድሩታል፤ እሱም አይመለከተንም። ሜሪላንድ ውስጥ ሰስኩዌሃና ወንዝ ላይ ያለው ኮኖዊንጎ ግን የፌርክ ነው። የፕሮጀክት ቁጥሩ ፒ-405 ነው። ይህቺን "ፒ" እና ከኋላዋ ያለውን ቁጥር ልመዱ፤ ከዚህ በኋላ የምትጽፉት ደብዳቤም ሆነ የምትፈልጉት ሰነድ ሁሉ የሚገኘው በእሷ ነው።

ፎርም 80ን እርሱት፤ ግን በአግባቡ እርሱት

የድሮ ሠራተኞች ስለዚህ ጉዳይ ስትጠይቋቸው "አዎ፣ ፎርም 80 ነዋ" ይላሉ። እውነት ነው፣ ነበረ። ባለፈቃዶች በየ6 ዓመቱ ስንት ሰው እንደመጣ፣ ስንት ጀልባ ማውረጃ እንዳለ፣ ምን ያህል ወጪና ገቢ እንደነበረ ሞልተው የሚልኩት ቅጽ ነበር። የመጨረሻው ዙር የ2014ን መረጃ የያዘው ነው፤ ማስረከቢያውም ኤፕሪል 1 ቀን 2015 ነበር። በዲሴምበር 2018 ፌርክ ትእዛዝ ቁጥር 852 ብሎ ባወጣው ደንብ ቅጹን አስቀረው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። "ቅጹ ቀረ፣ ሪፖርት የለም" ብሎ ፋይሉን ይዘጋል። የቀረው ለሁሉም እኩል የነበረው ቅጽ ነው እንጂ፣ በእናንተ ፈቃድ ውስጥ በስም ተጽፎ ያለው ግዴታ አይደለም። እንዲያውም አንዳንድ ፈቃዶች ላይ "የጎብኚዎች ቆጠራ ከፎርም 80 ጋር በአንድነት ይቅረብ" የሚል ዓረፍተ ነገር አሁንም አለ። እንዲህ ያለ ነገር ካጋጠማችሁ ከራሳችሁ አትተርጉሙ። ለኮሚሽኑ የውኃ ኃይል አስተዳደርና ሕግ ማክበር ክፍል ጻፉና መልሱን በጽሑፍ ያዙ። በስልክ "ችግር የለውም" ተብያለሁ የሚለው ነገር ከዓመታት በኋላ ማንንም አያድንም።

ፈቃዱን ከነአባሪው አንብቡ

አዎ፣ ረጅም ነው። ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማንበብ አያስፈልግም። ፋይሉን ክፈቱና "መዝናኛ" የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛው ፈልጉ፤ የተገኘበትን አንቀጽ ሁሉ ቅዱ። ቀጥሎ ፈቃዱ ከወጣ በኋላ የመጡትን ማሻሻያ ትእዛዞች ፈልጉ፤ የመዝናኛ ዕቅዱን ያጸደቀው ትእዛዝ ብዙ ጊዜ ለብቻው የወጣ ነው፣ የሪፖርቱም ቀን የተቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው። የቆየ ፈቃድ ከሆነ የመዝናኛ ዕቅዱ "ኤግዚቢት አር" ተብሎ ሊሆን ይችላል፤ ስሙ ስለተለየ አትለፉት።

ቢሮ ውስጥ ያለው ቅጂ ጎደሎ ከሆነ አትደንግጡ። ኢ-ላይብረሪ በሚባለው የፌርክ የኢንተርኔት ሰነድ ማከማቻ ላይ የፕሮጀክት ቁጥሩን አስገብታችሁ ፈልጉ። ነጻ ነው፣ አካውንትም አይጠይቅም። በጣም ያረጁት ሰነዶች ስካን ስለሆኑ በቃል ፍለጋ ላይወጡ ይችላሉ፤ በቀን ገድባችሁ አንድ በአንድ ማየት ነው።

ካነበባችሁት ውስጥ አንዲት ሠንጠረዥ አውጡ። የአንቀጹ ቁጥር፣ ምን እንደሚጠይቅ፣ ማን ጋር መመካከር እንዳለባችሁ፣ መቼ እንደሚደርስ። የማስረከቢያውን ቀን ብቻ ሳይሆን ቆጠራው የሚጀመርበትን ቀንም ጻፉ። ሪፖርቱ በማርች የሚደርስ ከሆነ ሰው መቁጠር የነበረባችሁ ባለፈው በጋ ነው። በጃንዋሪ ነቅቶ የባለፈውን ጁላይ መቁጠር አይቻልም።

ወርዳችሁ እዩት

ዕቅዱን አትማችሁ፣ ስልካችሁን ይዛችሁ ቦታው ድረስ ሂዱ። ዕቅዱ "12 የፒክኒክ ጠረጴዛ" ይላል? ቁጠሩ። "ለአካል ጉዳተኛ ምቹ የሆነ የዓሣ ማጥመጃ መድረክ" ይላል? ከመኪና ማቆሚያው እስከ መድረኩ ያለውን መንገድ በእግራችሁ ሂዱ፤ መድረኩ ደህና ሆኖ መንገዱ ላይ ዊልቼር የማያሳልፍ እርከን ሊኖር ይችላል። እያንዳንዱን ነገር ፎቶ አንሱ፤ የስልኩ ቦታ መመዝገቢያ መከፈቱን አረጋግጡ፤ ቀኑ እንዲታወቅ የመጀመሪያውን ፋይል አስቀሩ። በዋትሳፕ ስትላላኩ ፎቶው ይጨመቃል፣ ቀኑና ቦታውም ይጠፋል።

የጎደለ ነገር ካገኛችሁ ሁለት መንገድ አለ፦ ጠግኑት፣ ወይም ዕቅዱ እንዲሻሻል አመልክቱ። ሦስተኛው፣ ማለትም ዝም ብሎ "12 ጠረጴዛ አለ" ብሎ መጻፍ፣ እስከ ቀጣዩ የፌርክ የአካባቢ ፍተሻ ድረስ ብቻ ያስኬዳል። ተቆጣጣሪዎቹም ያንኑ ዕቅድ አትመው ይዘው ነው የሚመጡት።

ምልክቶቹን በተለይ ልብ በሉ። ደንቡ ሕዝብ በሚገባበት ቦታ ሁሉ በግልጽ የሚታይ ሰሌዳ ይጠይቃል፤ ሰሌዳው ላይ የፕሮጀክቱ ስም፣ የባለቤቱ ስም፣ የፌርክ ፕሮጀክት ቁጥር፣ የመዝናኛ ቦታዎቹ አቅጣጫ፣ የሚከፈቱበት ጊዜ፣ የተፈቀዱት ነገሮች፣ እንዲሁም ቦታው ያለ አድልዎ ለማንኛውም ሰው ክፍት መሆኑ መኖር አለበት። ይህ የመጨረሻው ለጌጥ የተጻፈ አይደለም። በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት ወይም በትውልድ አገር ሰውን መከልከል በዚያው የደንብ ክፍል በግልጽ የተከለከለ ነው። መጠነኛ መግቢያ ማስከፈል ግን ይቻላል፣ ለግንባታውና ለጥገናው ወጪ ማገዣ እስከሆነ ድረስ።

ቆጠራው

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንሂድ፤ ሪፖርቱ የሚቆመውም የሚወድቀውም በዚህ ነው።

መለኪያው "የመዝናኛ ቀን" ይባላል። አንድ ሰው ለመዝናናት መጥቶ በ24 ሰዓት ውስጥ ለየትኛውም ያህል ጊዜ ቢቆይ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። አምስት ሆነው መጥተው ግማሽ ሰዓት ተቀምጠው የሄዱ ቤተሰቦች አምስት ናቸው። ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ዓሣ ሲጠብቅ የዋለው ሰውዬ አንድ ነው። ካምፕ አድርጎ የሚሰነብት ደግሞ በእያንዳንዱ 24 ሰዓት እንደገና ይቆጠራል። ፎርም 80 ይህን ትርጉም ይጠቀም ነበር፤ ዕቅዳችሁ ሌላ ካላለ በእሱ ቀጥሉ፤ የአሁኑን ቁጥር ከ2014ቱ ጋር ማወዳደር የምትችሉትም ያኔ ነው።

ሰው በር ላይ ቆሞ ሁሌም አይቆጥርም። ብዙዎች መንገዱ ላይ የጎማ ቱቦ ይዘረጋሉ፤ መኪና ሲያልፍበት ሳጥኑ ይመዘግባል። ችግሩ ሳጥኑ የሚመዘግበው መኪናን ሳይሆን አክስልን፣ ማለትም የግራና የቀኝ ጎማን የሚያገናኘውን ዘንግ ነው። ለምሳሌ ያህል በጁላይ ወር 4,800 መዘገበ እንበል። መኪና ሁለት አክስል አለው፣ ስለዚህ 2,400 ማለፍ። የገባው ይወጣል፣ ስለዚህ 1,200 መኪና። ከዚያ የራሳችሁ ሠራተኞች፣ የቆሻሻ መኪናውና ተሳስቶ ገብቶ ዞሮ የሚወጣው አለ፤ አይታችሁ 10 በመቶ ነው ካላችሁ 1,080 ይቀራል። በአንድ መኪና በአማካይ 2.5 ሰው ካለ 2,700 የመዝናኛ ቀን ማለት ነው። መነሻው 4,800 ነበር፤ መድረሻው ከዚያ ምን ያህል እንደራቀ እዩ።

ቱቦው የተዘረጋው ወደ ጀልባ ማውረጃ በሚወስደው መንገድ ላይ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ጀልባ የሚጎትት መኪና ከነተጎታቹ ሦስት ወይም አራት አክስል ይኖረዋል። የሚመጣው ሁሉ ባለ ሁለት አክስል ተጎታች ይዞ ቢሆን ኖሮ፣ በሁለት እያካፈላችሁ ያወጣችሁት ቁጥር የእውነተኛው እጥፍ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የተወሰኑ ቀናት ሰው አስቀምጡ፤ ስንቱ መኪና ተጎታች እንዳለው፣ በእያንዳንዱ ውስጥም ስንት ሰው እንዳለ በወረቀት ይያዝ። እነዚያ ቀናት ከሥራ ቀን፣ ከተራ ቅዳሜና እሑድ፣ ከበዓል ቅዳሜና እሑድ የተውጣጡ ይሁኑ። ማክሰኞ ጠዋት ጡረታ የወጣ ዓሣ አጥማጅ ብቻውን ይመጣል፤ ጁላይ 4 ላይ አንድ ቫን ሙሉ ቤተሰብ ይመጣል። የማክሰኞውን አማካይ ለጁላይ 4 ከተጠቀማችሁ ቁጥሩ ወረደ፤ የጁላይ 4ቱን ለማክሰኞ ካዋላችሁትም ናረ።

ከፍተኛ ጊዜ ሲባል በተለምዶ ሦስቱ የበዓል ቅዳሜና እሑዶች ናቸው፦ ሜሞሪያል ዴይ፣ ጁላይ 4 እና ሌበር ዴይ። ግን ቦታውን የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ኮኖዊንጎ ላይ በኖቬምበር፣ ብርዱ ሲገባ፣ ከግድቡ በታች ዓሣ ሊለቅሙ የሚመጡትን ንስሮች ፎቶ ለማንሳት ትልልቅ ሌንስ የተሸከሙ ሰዎች ይሰለፋሉ። ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ብቻ ቆጥሮ "ወቅቱ አለቀ" ያለ ሰው እነዚህን ሁሉ አላያቸውም ማለት ነው። የበረዶ ላይ ዓሣ ማጥመድ ባለበት ሰሜናዊ ግዛትም እንዲሁ።

የአቅም መጠን የሚባለውም አለ፤ ቦታው ምን ያህል ይሞላል ነው ጥያቄው። 40 መኪና በሚያቆም ቦታ በተራ ቅዳሜና እሑድ በአማካይ 24 ከቆመ 60 በመቶ ነው። ሳሩ ላይና መንገዱ ዳር የቆሙትንም ቁጠሩ፤ ከ100 በመቶ በላይ ቢወጣ ይውጣ። አንዳንዱ አለቃ ይህን ቁጥር ሲያይ "ቦታ አስፉ ሊሉን ነው" ብሎ ይፈራል። ሊሉ ይችላሉ። ግን ሳሩ ላይ የቆሙትን መኪኖች ጎብኚዎቹ ራሳቸው ፎቶ አንስተው ለኮሚሽኑ ሊልኩ እንደሚችሉ አትርሱ።

መጻፍ

አጻጻፉ ላይ ብዙ አትጨነቁ። የትኛውን አንቀጽ ለማሟላት እንደተጻፈ፣ ቦታዎቹ ምን እንደያዙና በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ፣ እንዴት እንደቆጠራችሁ፣ ምን እንዳገኛችሁ፣ ከዚህ ተነስቶ ምን መቀየር እንዳለበት ወይም እንደሌለበት። አቆጣጠሩን ሸፍናችሁ ቁጥሩን ብቻ አትስጡ። ቱቦው ለሁለት ሳምንት ተበላሽቶ ከነበረ ተበላሽቶ ነበር በሉ፣ ክፍተቱን በምን እንደሞላችሁም ጨምሩ። የሚያስቸግረው ብልሽቱ አይደለም፣ መደበቁ ነው።

ማማከር፣ በቂ ጊዜ ይዞ

ሪፖርቱ ወደ ፌርክ ከመሄዱ በፊት ፈቃዱ በስም የጠቀሳቸው መሥሪያ ቤቶች ማየት አለባቸው። ብዙ ጊዜ የግዛቱ የዓሣና ዱር እንስሳት መሥሪያ ቤትና የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ናቸው። የተለመደው አንቀጽ ቢያንስ 30 ቀን እንድትሰጧቸው ይጠይቃል። ቢያንስ ነው ያልኩት፤ ረቂቁን ማስረከቢያው 31 ቀን ሲቀረው መላክ ራስን ማነቅ ነው። ሦስት ወር ቀደም ብላችሁ ላኩ፣ ምክንያቱም አንዱ መሥሪያ ቤት ተጨማሪ ሁለት ሳምንት መጠየቁ አይቀርም።

አስተያየታቸው ሲመጣ ሁሉንም መቀበል ግዴታ አይደለም። ያልተቀበላችሁትን ግን በምክንያት መልሱ፤ ምክንያቱም ከፕሮጀክቱ ከራሱ መረጃ የተነሳ ይሁን። "በጀት የለንም" ብቻውን አይበቃም። "ሁለተኛ ጀልባ ማውረጃ ይሠራ ተብሏል፤ ያለው በበዓል ቀን እንኳ ከግማሽ በላይ አልሞላም፣ ሠንጠረዡ ይኸው" ግን መልስ ነው። መልስ ያልሰጠ መሥሪያ ቤት ካለም የላካችሁለትን ኢሜይልና ማስታወሻውን አያይዙ።

ማስገባት

ኢ-ፋይሊንግ በሚባለው የፌርክ የኢንተርኔት ሰነድ ማስገቢያ ነው። አስቀድማችሁ ተመዝገቡ፤ ምዝገባውን በማስረከቢያው ቀን አትጀምሩ። ሽኝት ደብዳቤው ላይ የፕሮጀክቱን ስም፣ የፒ ቁጥሩን፣ የአንቀጹን ቁጥርና ዕቅዱን ያጸደቀውን ትእዛዝ ቀን ጻፉ። ፋይሉን ስታስገቡ የምስጢር ደረጃ ይጠየቃል። የመዝናኛ ሪፖርት በባሕርዩ ለሕዝብ ክፍት ነው። የግድቡ የውስጥ ንድፍ የገባበት ገጽ ካለ ግን ለይታችሁ አውጡትና በወሳኝ መሠረተ ልማት መረጃ ደረጃ ለብቻው አስገቡት። የጎብኚዎች ስልክና ኢሜይል ያለበት የመጠይቅ ቅጽም ለሕዝብ አይለጠፍም።

ሰዓቱንም ተጠንቀቁ። የሥራ ሰዓት የሚዘጋው በዋሺንግተን አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በፈረንጁ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የገባ ነገር በሚቀጥለው የሥራ ቀን እንደገባ ይቆጠራል። ሲያትል ላላችሁ ያ ማለት ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ ከምሳ መልስ ተዝናንታችሁ የምትቀመጡበት ሰዓት አይደለም። የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም የፌዴራል በዓል ላይ ከዋለ ግን ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይዞራል። አልደርስ ካላችሁ ቀኑ ከማለፉ በፊት የማራዘሚያ ጥያቄ አስገቡ፣ ምን እንዳዘገያችሁና አዲሱ ቀን መቼ እንደሆነ ጠቅሳችሁ።

ከዚህ ጋር የማይቀላቀል ነገር

ሰው ሰጠመ፣ ክፉኛ ተጎዳ፣ ወይም ሌላ የሞት አደጋ ደረሰ እንበል። ይህ እስከ መዝናኛ ሪፖርቱ አይጠብቅም። እንደሰማችሁ ወዲያውኑ ለአካባቢው የፌርክ መሐንዲስ ቢሮ በጽሑፍ መነገር አለበት፣ ምክንያቱና ቦታው ተገልጾ። መንገዱ በግድብ ደኅንነት በኩል ነው። የማን ስልክ ላይ እንደሚደወልና ማን እንደሚጽፍ አደጋ ሳይደርስ ወስኑ።

"ለጠረጴዛና ለሽንት ቤት ይህ ሁሉ?" የሚል ካለ፣ ሚሺጋን ያለውን የኢደንቪል ግድብን ይመልከት። ፌርክ የግድቡን ባለፈቃድ የቦይስ ሃይድሮን ፈቃድ በ2018 ሲሰርዝ ዋናው ጉዳይ የጎርፍ ማስተንፈሻው አቅም ነበር። ነገር ግን በዚያው ትእዛዝ ከተዘረዘሩት ጥሰቶች መካከል የሕዝብን መግቢያ መገደብና የጸደቁትን የመዝናኛ ቦታዎች አለመሥራትም ነበሩበት። ግድቡ በሜይ 2020 ተደረመሰ። መዝናኛው አላፈረሰውም፤ ግን ትንሹን ግዴታ የሚንቅ ድርጅት ትልቁንም እንደዚያው እንደሚያይ ተቆጣጣሪ ያውቃል።

ለጎብኚዎች

የጀልባ ማውረጃው ተሰብሮ ከርሟል? በሩ ያለ ምክንያት ተቆልፏል? ሰሌዳው ላይ ያለውን የፒ ቁጥር ፎቶ አንሱ። ኢ-ላይብረሪ ገብታችሁ በቁጥሩ የመዝናኛ ዕቅዱን ፈልጉ፤ ያ ቦታ በዕቅዱ ውስጥ ካለ ክፍት ማድረግ የባለፈቃዱ ግዴታ ነው። መጀመሪያ ለድርጅቱ ጻፉ። ዝም ካለ ለፌርክ በዚያው ቁጥር ማስገባት ትችላላችሁ፤ ጠበቃ አያስፈልግም። ቀን፣ ቦታ፣ ፎቶና የዕቅዱ ገጽ ቁጥር ካለበት አንድ ገጽ ይበቃል። ኢ-ሰብስክሪፕሽን በሚባለው ደግሞ ቁጥሩን ካስመዘገባችሁ፣ በዚያ ግድብ ላይ አዲስ ሰነድ በገባ ቁጥር ኢሜይል ይደርሳችኋል።

ሠራተኞቹም ይህንኑ አድርጉ፣ በራሳችሁ ፕሮጀክት ላይ። ሪፖርቱ ከገባ በኋላ የፌርክ ደብዳቤ ሲወጣ ወደ ሥራ አስኪያጁ አድራሻ ሄዶ ሳይነገራችሁ ሊከርም ይችላል። ደብዳቤው ተጨማሪ መረጃ የሚጠይቅ ከሆነ ቀኑ የሚቆጠረው ከወጣበት ዕለት ነው እንጂ እናንተ ካያችሁበት አይደለም።